ከጨርቁ በፊት እጅ ይቆጠር
(በአርሲዋ ጢቾ ለወላጆች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ድሮ በጢቾ አራስ ያለበትን ቤት ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ አጥሩን ማየት ይበቃል። ካረጀ ነጠላ የተቀደደ፣ ከአቡጀዲ የተቆረጠ፣ ከአባትየው ሸሚዝ ጀርባ የተረፈ ጨርቅ አጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቶ ይታያል። ክርስቲያኑ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብሎ፣ ሙስሊሙ አላህን አመስግኖ ያልፋል። ለሚቆጥር ሰውማ ሕፃኑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሸና ሳይቀር ይታወቃል። ዛሬ ምልክቱ ከአጥር ወርዶ ቦይ ውስጥ ገብቷል፦ የተቋጠረ ፌስታል፣ ፌስታሉን የዘነጠለ ውሻ፣ ከውስጡ ያበጠ ዳይፐር። ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ በመንገዴ አራት ቆጥሬአለሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንላት እናት በቅርብ አለች ማለት ነው።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ለሕፃን የሽንት ጨርቅ ይሻላል ወይስ ዳይፐር?» የሚል ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ሁለቱን እዚሁ ጢቾ በጨርቅ፣ የመጨረሻውን አሰላ ከገባሁ በኋላ በዳይፐር። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ኃጢአት አለብኝና ለማንም ጠበቃ ልሆን አልመጣሁም።

ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ስለ ዕቃው ይሆናል። አንዱ «ጨርቅ ለገላ ይስማማል» ይላል፤ ሌላው «ዳይፐር ንጹሕ ነው» ይላል፤ ሦስተኛዋ «እኛን እናታችን በምን አሳደገችን?» ብላ ትዘጋዋለች። ስለሚያጥበው እጅ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ከእጁ ልጀምር።

አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ መቀየር አለበት። አሥር ጨርቅ ብንል፣ መዘፍዘፊያ፣ ማጠቢያ፣ ሁለት ጊዜ ማለቅለቂያ ያስፈልጋል። በራሴ ሳፋ እንደለካሁት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይጨርሳል። ሁለት ጀሪካን አርባ ሊትር ነው፤ አርባ ሊትር በጀርባ ሲታዘል አርባ ኪሎ ነው። በወር ስልሳ ጀሪካን ማለት ነው፤ ያውም ለጨርቁ ብቻ። የቧንቧ ውሃ ግቢው ውስጥ ላለው ሰው ይህ ተራ ሒሳብ ነው። ከቦኖ ለሚቀዳ ሰልፍ ነው። ከምንጭ ለሚቀዳ ደግሞ ዳገት ነው፤ የጢቾን ዳገት ለእናንተ አልናገርም።

ከውሃው ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ነው። ለአንድ ልጅ ሃያ አራት ጨርቅ ይበቃል ብለው የሚመክሩ ሰዎች የእኛን ክረምት አያውቁትም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጉሙ ከተራራው ወርዶ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ጠዋት የተሰጣ ጨርቅ ማታ ሲገባ ካወጡት ይልቅ ይከብዳል። ያኔ ሃያ አራቱ አርባ ካልሆኑ ልጁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይተኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊት አጥር ላይ የተረሳ ጨርቅ በውርጭ ደርቆ እንደ ጣውላ ቀጥ ይላል፤ ልጆቻችን እንደ ጋሻ ይዘውት ሲዋጉ አይቻለሁ። ፀሐይዋ ወጥታ እስከ ቀትር ከቆየች ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ እንደ ወረቀት ይደርቃል። እንዲህ ያለ ፀሐይ ጨርቁን ከማድረቅም አልፎ ተሐዋስያንን ይገድላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የደጋ ፀሐይ ማንም ሊሸጥልን የማይችል ሀብት ነው።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ልውጣ፤ በሥራ ዘመኔ ያስለቀሰኝ ነገር ስለሆነ ነው። ክረምት ጨርቅ አልደርቅ ሲል ሰዎች ከሰል አቀጣጥለው አራሷ ክፍል ያስገባሉ። በርና መስኮት «ብርድ እንዳይገባ» ይዘጋል፤ ጨርቁ በወንበር ድጋፍ ላይ ዙሪያውን ይሰጣል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም፣ ዓይን አያቆጠቁጥም። እናትና ልጅ እንደተኙ ይቀራሉ። ጨርቅ በከሰል ማድረቅ ግድ ከሆነ ከሰሉ ውጭ ይሁን፤ በከሰል ካውያም ቢሆን በረንዳ ላይ ተተኩሶ ጨርቁ ብቻ ይግባ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ይያዝልኝ።

አሁን ወደ እጁ ልመለስ። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትወልድ ኡልማ ትገባለች፤ የአራስነት ጊዜዋ ነው። ግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባለውን የአራስነት ምልክት ታስራለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ትከበራለች፤ እጁን የሚያነሳባት ባል ቢኖር ጉዳዩ የባልና ሚስት ጠብ ሆኖ አይቀርም። የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን፣ ያቺን በሠርጋቸው ቀን የተሰጠቻቸውን በትር፣ ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ካሳ ሳይከፍል አይመለሱም። በክርስቲያኑም ቤት አራስ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ገንፎዋን እየበላች ትቀመጣለች። በሁለቱም ወግ አራስ ሴት ሳፋ ፊት አትቀመጥም። ጨርቁን የምታጥበው እናቷ ናት፣ እህቷ ናት፣ ጎረቤት ናት። እንግዲህ «እናቶቻችን በጨርቅ አሳደጉን» ስንል አንድ ሴት ብቻዋን ያደረገችው አድርገን እናስባለን፤ በአጥሩ ላይ የተሰጣው ግን የአራት የአምስት ሴት ጉልበት ነበር።

ይህንንም አሳምሬ አላልፈውም። ከነዚያ እጆች መካከል ያለ ፈቃዱ የገባ እጅ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ከገጠር አንዲት የዘመድ ልጅ መጥታልኝ ነበር፤ ዕድሜዋ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቢሆን ነው። «ትምህርት ቤት ትገባለች» ብዬ ነው የተቀበልኳት፤ አስገብቻታለሁም። ግን ጠዋት ጠዋት ውሃ የምትቀዳው፣ ጨርቁን የምታለቀልቀው እሷ ነበረች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ሰልፉ አልቋል። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማረች። እጆቿ በብርዱ ውሃ ተሰነጣጥቀው ቫዝሊን ስቀባት እንደ ደግ ሰው ራሴን እቆጥር ነበር። ጨርቅ ርካሽ ነው? ለእኔ ርካሽ ነበር። ሒሳቡ የተከፈለው በእሷ ነው። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ስንገናኝ ይህን አንስታብኝ አታውቅም፣ እኔ ግን አነሳለሁ።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከትም የእጁ ነገር ይደጋገማል። አሜሪካ ውስጥ ማሪዮን ዶኖቫን የምትባል እናት በ1946 እ.ኤ.አ. ልጇ ከጨርቁ አልፋ አልጋውን እያራሰች ብታስቸግራት የመታጠቢያ ቤቷን መጋረጃ ቆርጣ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሰፋች። የእኛ እናቶች በፌስታል የሚያደርጉትን ነው ያደረገችው፤ ልዩነቱ የእሷ አየር እንዲገባበት የተሠራ መሆኑ ነው። በ1951 የባለቤትነት መብት አገኘችበት። ፓምፐርስ ደግሞ በ1961 ገበያ ወጣ። ሐሳቡን ያመነጨው ቪክቶር ሚልስ የተባለ የፋብሪካ ኬሚስትሪ ባለሙያ ነው። አያት ነበር። የልጅ ልጁን ጨርቅ የመቀየር ተራ ሲደርሰው ነገሩ መረረውና «የሚጣል ቢሆንስ?» አለ ይባላል። እዚህ ያላችሁትን አባቶች ልጠይቅ፦ ሴቶች ይህን ሥራ ስንት ሺህ ዓመት ሠሩት? ወንድ አንድ ቀን ቢነካው መፍትሔ ተገኘለት። የጎደለው ብልሃት አልነበረም፤ የሚፈርደው ሰው ሳፋው ፊት ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ዳይፐሩ በውስጡ የያዘው ምሥጢር ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ፍሬ ፍሬ ዱቄት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የገባበት። ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ይመጥጥና ዝልግልግ ነገር ይሆናል፤ ለዚህ ነው ልጁ ሸንቶም ገላው የማይረጥበው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሌሊት ላይ በተለይ። በጢቾ ብርድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ልጅ ገልጦ ጨርቅ መቀየር ምን እንደሆነ የቀየረ ያውቀዋል።

ግን ዱቄቱ ሌላም ነገር አመጣ፤ «ገና ነው፣ ይችላል» ማለትን። ሱቆቻችን ዳይፐር በፍሬ ይሸጣሉ። ገንዘብ ያጠራት እናት አንድ ፍሬ ገዝታ ከጠዋት እስከ ማታ ታስኬደዋለች። ሽንትና ሰገራ ሲገናኙ ቆዳ ይበላሉ፤ ጭኑ መሐል ይቀላል፣ ይላጣል፣ ፈንገስ ይገባበታል። ሠርቼ ባየሁበት ጤና ጣቢያ ሁሉ እንዲህ ቆስለው የሚመጡ ሕፃናት ነበሩ። እናቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ቆጣቢዎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከቆየ አንድ ዳይፐር፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር አምስት አሮጌ ነጠላ በጣም ይሻላል። የጨርቁም ኃጢአት አለ፤ ሳሙናው በደንብ ካልለቀቀ ያቃጥላል፣ በላዩ የሚታሰር ፌስታል ገላውን ያፍነዋል። በሁለቱም መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሲረጥብ መቀየር፣ በውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ትንሽ ጊዜ ራቁቱን መተው።

ስለ ዋጋ ብር አልጠራም፤ ዛሬ የተናገርኩት ነገ ይሻራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋው እንዴት እንደሄደ ሱቅ ያለው ያውቃል። የምሰጣችሁ ቁጥሩን ብቻ ነው። በአማካይ በቀን ስድስት ብንይዝ በዓመት 2,190፣ በሁለት ዓመት 4,380 ዳይፐር ነው። ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ አንዱን ፍሬ የሚሸጥበትን ዋጋ በዚህ አባዙት። በሌላው ወገን ሠላሳ አርባ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ውሃ የሚገዛ ከሆነ የጀሪካኑን ዋጋ ጻፉ። ጨርቁ ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ልጅ ደግሞ አብልጦ ያሸንፋል። ነገር ግን ሦስተኛ መስመር ጨምሩና የሚያጥበውን ሰው ሰዓት አስገቡበት። ያ ሰው ስሙ ይጻፍ። ስም የሌለው ሰዓት ሁልጊዜ ነጻ ይመስላል።

እንግሊዞች ይህን ጉዳይ በሚዛን አይተውታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ባወጣው ጥናት አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በሚጣል ዳይፐር ወደ 550 ኪሎ፣ በጨርቅ ደግሞ ወደ 570 ኪሎ የካርቦን ጭስ ያስከትላል ብለው ነበር፤ እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ጨርቁን ያከበደው ማጠቢያ ማሽኑና የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ነው። ውጭ ከተሰጣ፣ ማሽኑ ሞልቶ ከታጠበ፣ ለሁለተኛ ልጅም ከተላለፈ የጨርቁ ጉዳት በአርባ በመቶ ይቀንሳል ብለዋል። በ2023 በወጣው አዲስ ጥናት ደግሞ ጨርቁ በአማካይ በሩብ ያህል ይሻላል። እንግሊዞች በጥናት የደረሱበትን እናቶቻችን በእጥረት ደርሰውበት ነበር፤ አጥር ላይ ማስጣትና ለተከታዩ ማስተላለፍ።

የእኛ ጭንቀት ጭሱ ላይ አይደለም፣ መጣያው ላይ ነው። አዲስ አበባ ቆሼ የሚባል የቆሻሻ ተራራ አላት፤ ቆሼም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው እንደቀበረ አንረሳም። ትንሽ ከተማ ያን ያህል ተራራ አይሠራም፤ ቦይ፣ ገደልና ወንዝ ይበቃዋል። ዳይፐሩ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ያብጣል እንጂ አይበሰብስም፤ ለዓመታት እንዲያገለግል የተቆፈረ ጉድጓድ በአንድ ልጅ ዳይፐር ቶሎ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪና ቢመጣም ቱቦው ይዘጋል። እኛ ደግሞ የውሃ ማማ ላይ ነው የተቀመጥነው። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ምሥራቁ ወደ ዋቢ ሸበሌ፣ ምዕራቡ በከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል። ዛሬ ቦዩ ውስጥ ያየኋቸው አራቱ በክረምቱ ጎርፍ ጉዞ ይጀምራሉ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታሉ ይቀር ይሆናል፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ግን ገና አልተነገረለትም።

ግን ጨርቅ የሚያጥበውም ሰው ቢሆን ዝም አልለውም። «የሕፃን ሰገራ ምን አለበት፣ ወተት ነው» የሚል አባባል አለን። ውሸት ነው። የሕፃን ሰገራ ከአዋቂው ይልቅ ብዙ ጊዜ የባሰ የተቅማጥ ተሐዋስያን ይይዛል። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ሰገራው መጀመሪያ መጸዳጃ ጉድጓድ ይግባ፤ ዳይፐርም ቢሆን ከመጠቅለሉ በፊት ይራገፍ። ጨርቁ ክዳን ባለው ባልዲ ይዘፍዘፍ። እጣቢው ከጉድጓዱ ይደፋ እንጂ ምንጭ ዳር አይታጠብ። ከታች የሚቀዳ አለ።

እጣቢ ከታች ያለውን እንደሚነካ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናትና ከዚያ የተነሣ ትልቅ ምርምር ተወለደ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። ሴቶቹ ለዘመናት ያጥቡ ነበር፤ ከእጣቢው በታች የሆነውን ያየ ግን አልነበረም። በነገራችን ላይ እንዶድ በእኛም ደጋ አለ፤ አያቶቻችን የሽንት ጨርቅ አጥበውበታል። ለብዙ ጊዜ ካልተለቀለቀ ግን የሕፃን ገላ ይለበልባልና ዛሬ የልብስ ሳሙና ያላት እናት እንድትመለስበት አልመክርም።

ጨርቅ የሚመርጥ ሰው የአያቱን ጨርቅ ብቻ መምረጥ የለበትም። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ የምትባል ኢትዮጵያዊት የሚታጠብ የሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ ፋብሪካ አቋቁማለች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧታል። የሚመጥጥ ጨርቅ ከውስጥ፣ የማያፈስ ሽፋን ከውጭ፤ የሕፃኑም ጥበብ ከዚህ አይለይም። መርፌ ቁልፉ ቀርቶ በመቆለፊያ የሚያዝ፣ ሽፋኑ እየተጠረገ ውስጡ ብቻ የሚቀየር አድርጎ መስፋት የእኛ ልብስ ሰፊዎች አያቅታቸውም። ካረጀ ጋቢ የተሠራ ሦስት ድርብ ጨርቅ ሌሊቱን ሊያዘልቅ ይችላል፤ ሞክሬዋለሁ። በዚያ ላይ የድሮው ብልሃት አለ፤ እናት እግሯን ዘርግታ ልጇን በሁለት ቁርጭምጭሚቷ መሐል አስቀምጣ «እሽሽሽ» ትላለች። ጡት ጠብቶ ሲያበቃና ከእንቅልፉ ሲነቃ እንዲህ የምታስቀምጠው ልጅ በቀን ሦስት አራት ጨርቅ ያስቀራል። ስድስት ወር ሳይሞላው ድምፁን የሚያውቅ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ዳይፐር የለመደ ቤት መጀመሪያ የሚረሳው ይህንን ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ምንድን ነው? ውሃ ግቢው ውስጥ ካለ፣ ወራቱ ከጥቅምት እስከ ሰኔ መግቢያ ከሆነ፣ የሚያጥበውም ትልቅ ሰው ከሆነና ወዶ ከሆነ፣ ቀኑን በጨርቅ አድርጉ። ለሌሊት፣ ለመንገድ፣ ለክረምቱ ጉም ዳይፐር ብትገዙ ማንም አይፍረድባችሁ፤ በፍሬ ገዝታችሁ ግን አታስረዝሙት። ውሃው ሩቅ ከሆነና የምታጥበው ብቻዋን ያለች አራስ ወይም ከትምህርት የምትቀር ልጅ ከሆነች፣ ዳይፐሩን የገዛ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ጨርቅ ያስመረጠን ሰው ደግሞ ጀሪካኑን ይያዝ። አማቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው፤ «በጊዜያችን» ስትሉ ጊዜያችሁን ብቻ አታውሱን፣ እጃችሁንም ጨምሩ።

ልጄ ባለፈው ዓመት ወለደች። ሠላሳ ስድስት ጨርቅ ሰፍቼ ይዤላት ሄድኩ። ባሏ ገና ሳልቀመጥ «ማን ያጥበዋል?» አለኝ። ይህን ንግግር ያን ቀን ነው የጀመርኩት ማለት ይቻላል፤ «አንተ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። እሑድና ረቡዕ የእሱ ተራ ሆነ፣ ሌላው ቀን የልጄና የእኔ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎረቤት እንዳያየው ጨርቁን የሚያሰጣው ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ነበር፤ ስለዚህ አይደርቅለትም፣ ማታ ይነጫነጫል። ጥቅምት ሲገባ አንድ እሑድ ስመጣ ከሩቅ አየሁት። ጨርቁ ሁሉ ከፊት ለፊት በመንገዱ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር።